የወንድምሽ ፉጨት

ለምወድሽ ልጄ፦

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የዛሬው ‹ደህና ነኝ› ለአፍ ያህል አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በጎረቤታችን በልብስ ሰፊዋ ስልክ ስትደውዪ ይህን ያልነገርኩሽ፣ አጠገቤ ቆማ ስለምታዳምጥ ነው።

የወንድምሽን ስልክ እሱ ካረፈ ወዲህ አላጠፋሁትም፤ ቻርጅ እያደረግሁ ትራስጌዬ አኖረዋለሁ። ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርጌ ስልክ ቁጥር ሲጠይቁኝ የእሱን ሰጠሁ። ሌላ ምን አለኝ?

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ወንድምሽ ከቤት ውስጥ አፏጨ። በሩ ጋ ሳይደርስ ‹እማ መጣሁ› የሚልበት፣ ያው ፉጨቱ። እርጥቡን ልብስ ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ለካ ራሱ ቀድቶ የመልእክት መጥሪያ ያደረገው ነው፤ ከሞተ ወዲህ የጻፈለት ሰው ስላልነበረ ረስቼው ኖሯል። ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ‹ውጤትዎ ደርሷል፣ እባክዎ ይምጡ› ይላል።

አልሄድኩም። ሰንብቶ ደግሞ አፏጨ። እንደገናም። ከሄድኩ ዝም ይላል ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ። ውጤቱን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁትም።

ልብስ ሰፊዋ ደረሰችበትና ጉዴን አፈላችው። ‹አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ተነሺ ሂጂ እያለ ያፏጭልሻል፣ አንቺ እንደ ዘፈን ተቀምጠሽ ታዳምጫለሽ! እሱ ቢኖር ጎትቶ ይወስድሽ አልነበር?› አለችኝ። ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ሱቋን ዘግታ እሷው ጎትታ ወሰደችኝ።

ነርሷ ትንሽ ነገር ተገኝቷል፣ ካንሰር ግን አይደለም፣ ዝም ቢባል ወደዚያው ይሄድ ነበር አለችኝ። እዚያው አክመውኝ በእግሬ ተመለስኩ። እፎይ አልኩ፤ ያን ቀን እንቅልፍ እንደ ሕፃን ወሰደኝ። ለዓመት ይመለሱ ስትለኝ፣ እያፈርኩ መልእክቱ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እስኪመጡ መች እንለቅዎታለን ብላ ሳቀች።

አንቺም ሳትውዪ ሳታድሪ ተመርመሪ። ያ ቁጥር ሆድሽን እንደሚያባባሽ አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ግን ከእንግዲህ በእሱ ቁጥር መልእክት ጻፊልኝ። እስከ ዓመት ለምን ዝም ይላል?

ባለቤትሽን እግዜር ያክብርልኝ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች፤ ያማኋትን አልነገርኳትም። ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ትልቋ መጻፍ ከቻለች ስሟን ብቻ ትላክልኝ፤ አጎቷ ያፏጭላታል።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 12 ቀን