ሊብሬው በእማማ ታም ስም ነው

ሽብሩ ወንድሜ፣

ሞተር ሳይክሌ ከቬትናም ወደ ላኦስ ተሻገረ። እኔም አብሬ ተሻገርኩ፤ እንደ ጓዝ።

አገር ቤት መኪና በውክልና አምስት እጅ ሲዞር ሊብሬው በመጀመሪያው ሰው ስም እንደሚቀር ታውቃለህ። ቬትናምም ሕዝቡ ሥልጡን ነው። የእኔ ሞተር ሊብሬ እስከ ዛሬ በመጀመሪያዋ ባለቤት፣ በሰባ አንድ ዓመቷ ሾርባ ሻጭ በእማማ ታም ስም ነው። የኬላው ሹም ሊብሬውን አየ፣ ጢሜን አየ።

«እማማ ታም አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው እሳቸው ራሳቸው ይምጡ።»

ቪዛዬ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ከተማቸው ድረስ ተመልሼ ለመንኳቸው።

«እሺ ልጄ፤ የምነዳው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

ነዱ። እኔ ከኋላ የደረቀ ዓሣቸውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሹሙ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ወረቀቱ ላይም «ሞተሩ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ይመለስ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታ።

«ሠላሳ ቀን ሙሉ? ተባረክ!» አሉ እማማ።

ይህን የምጽፍልህ ገበያ ገብተው ቅያሪ ልብስ እስኪገዙ እየጠበቅኋቸው ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ልጆቹን ሳምልኝ። ሚስቴ ውዴነሽ «ከሴት ጋር አገር ለአገር ይዞራል» የሚል ወሬ ከሰማች ዕድሜያቸውን ንገርልኝ። ማን እንደሚነዳ ግን ዝም በል።