በደብዳቤሽ ላይ የጨመርኩት ቃል

ለውድ እኅቴ ለዓባይነሽ እጅጉ
ባሕር ማዶ፣ ፊጂ ደሴት

እንደምን ከርመሻል እትዬ ዓባይነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እግርሽስ፣ ወገብሽስ፣ ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስሽ አፍንጫሽስ? እዚያ ብርድ የሚባል ነገር የለም ብለሽ ስለጻፍሽ ይኼኔ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ይሆናል። ውሃው ተስማማሽ? ዓሣው አልሰለቸሽም? የምታዋልጃቸው እናቶች፣ እንደ ድንች በሚዛን የምታንጠለጥያቸው ሕፃናት ሁሉ ደኅና ናቸው? ቤታቸው ያስጠጉሽ እማማ ሊቲያስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ወንድምሽ ቢሆነኝ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ጤነኛ ነኝ ብዬ በወጉ እጀምራለሁ። ወጉን የጣስኩበት ቦታ ወደ ታች ይመጣል።

ቁመቴ ጨምሯል። ጢም ቢጤም ጀማምሮኛል፤ እምዬ ግን ጥላሸት ነው እያለች ልታጥበው ትነሣለች። የቡሬ ትምህርት ቤትም ደወሉን ከሰዓቱ በፊት ደውዬ ተማሪውን ሁሉ ወደ ቤቱ ከሸኘሁ ወዲህ አልመለሰኝም፤ ስለዚህ አምስተኛ ክፍልን እንዳጋመስኩ አለሁ። ጓደኛዬ ክንዱን ታውቂው የለ? አንቺ ያለሽበት አገር ከጅጋ ወዲያ ነው ብዬው፣ ገበያ ወርዶ ጨው ነጋዴውን ሁሉ «የፊጂ መንገድ በየት በኩል ነው?» ሲል ውሎ መጣ። አንዱ ሽማግሌ አዝነውለት «ልጄ፣ ሳይመሽብህ ወደ እናትህ ተመለስ» አሉት አሉ።

ይህን ስጽፍልሽ እንድትስቂ ነበር። አሁን ግን ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ።

እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢ። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት እንደማይናገረው አንቺም ታውቂያለሽ። ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይዞሽ ነው የሚነገርሽ። እዚያ የሚይዝሽ ዘመድ ስለሌለሽ እኛም ምን እናድርግ ብለን ተጨነቅን። በመጨረሻ እምዬ ዘዴ ፈጠረች፤ ሁለተኛውን ወረቀት አጣጥፋ ዙሪያውን በጥቁር ክር ሰፋችው። ክሩን ከመበጠስሽ በፊት እማማ ሊቲያን ጥሪያቸው። ቋንቋችንን ባያውቁም ግድ የለም፤ አጠገብሽ መሬት ላይ ተቀምጠው እጅሽን ይያዙልን ብላለች እምዬ። እስኪመጡ ድረስ ጠብቂ።

መጡ?

አባታችን አርፈዋል። ማክሰኞ ኅዳር ስድስት ቀን፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ እምዬና እኔ እያለን። በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ በኩል ቀብረናቸዋል። ሰው ከቡሬ ከተማም ከጅጋም መጥቶ ነበር። አልቅሽ እትዬ። እማማ ሊቲያ ደንግጠው ውሃ ቢሰጡሽ ጠጪላቸው።

አልቅሰሽ ስታበቂ ደግሞ ይህን ስሚኝ፤ ከመርዶው የሚብሰው የእኔ ነገር ነውና።

አንቺን የሚልክሽ የባሕር ማዶ አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር መሆኑ የተሰማ ጊዜ መንደርተኛው አባባን ምን ያህል እንደጨቀጨቃቸው ታስታውሻለሽ። «ነርስ አድርገው አስተምረዋት አሁን ደግሞ ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው» ሲሏቸው፣ «ልጄ የምትሄደው የሰው ሕመም ልታክም ነው» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። አንቺን የጠየቁሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማተብሽንና ጾምሽን እንድትጠብቂ። በዚያች ቃልሽ ተማምነው ሁለት ዓመት ሙሉ በየሄዱበት ቀና ብለው ኖሩ።

የመስከረሙ ደብዳቤሽ የደረሰን በመስቀል ሰሞን ነው። የአባባ ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ አንባቢው እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ጠላውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ገና ወረቀቱን ስዘረጋ «መጀመሪያ ምን እንደምትበላ ንገረኝ» አሉኝ። አንቺ የጻፍሽው እንዲህ ይላል፤ «እዚህ አሳማ ያረባሉ፤ ለክብር እንግዳም ያርዳሉ። እማማ ሊቲያ ግን እንደማልበላ ስለሚያውቁ ዓሣና ሥራ ሥር ለብቻዬ ይሠሩልኛል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓሣውንም ይተዉልኛል።» እኔ «ለክብር እንግዳም ያርዳሉ» እስከሚለው አነበብኩና ከራሴ ጨመርኩበት። «ለእኔም ጆሮውን ሰጡኝ፤ መጀመሪያ ቀፈፈኝ፣ ኋላ ግን ጣቴን ላስኩ» አልኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ በስመ አብ ብሎ አማተበ። እኔ ፊቴን በወረቀቱ ከልዬ ሳቄን እየያዝኩ ነው። አባባ ዱላቸውን አንሥተው «ምን ትላለህ አንተ!» እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው፤ ያኔ «ቀልዴን ነው!» ብዬ ልጮህ። ዱላውን አነሡት፤ ግን ተመርኩዘውት ወጡ። እኔም ሞኙ፣ ተቆጥተው ነው፣ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። እምዬ እውነቱን ስነግራት በማማሰያ አባረረችኝ።

ሲመለሱ ነገርኳቸው። እውነቴን ነው የምልሽ እትዬ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንተ ልጅ፣ ለእኅትህ ብለህ መዋሸትህ ደግነት ነው። ግን እኔን አታታልለኝም» አሉኝ። በማግሥቱ ክንዱን ጠርቼ ደብዳቤውን እንዲያነብላቸው አደረግሁ። «ሁለታችሁ የአንድ እናት ሌቦች ናችሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በሕይወቴ ሙሉ ውሸቴን ሲያምኑኝ ኖረው፣ እውነት በተናገርኩባት በአንዲቷ ቀን አላመኑኝም።

ከጥቅምት አንድ ጀምሮ የአባባ እህል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ፀሐይ ከገባች በኋላ ሆነ፤ አንድ እፍኝ ሽምብራና ውሃ። ጠዋት ጠዋት በዱላ እየዳበሱ ሚካኤል ሄደው አምሳ አምሳ ይሰግዳሉ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። በአሥረኛው ቀን እምዬ ብታለቅስባቸው ነው «የልጄ ቀኖና ነው፤ እሷ በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ማን ይጾምላታል?» ያሏት። ለካ ያን ቀን ከቤት ወጥተው የሄዱት ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ኖሯል። ጥፋቱ የእኔ ይሁን ብለው አርባ ቀን ተቀብለውልሻል።

ከዚያ ሳል ያዛቸው። ከፍኖተ ሰላም የመጣው ድሬሰር ጀርባቸውን አዳምጦ «ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ» አለ። እሳቸው ወተቱን ለታናሿ ለንግሥቴ ሰጧት። የጥቅምት ብርድ ደግሞ አለ። ሰው ሁሉ የገደላቸው ሳሉ ነው ይላል። አንቺ ሕክምናውን ተምረሻልና ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ፤ ለእኔ ብለሽ እንዳታቀልይው።

ለምን ወዲያው ለአባ ወልደ ሥላሴ አልነገርክም ትይኛለሽ። እሳቸው ማንበብ ያውቃሉ፤ አባባም ያምኗቸዋል። ቤታቸው ከቤታችን ብትጣሪ የሚሰማ ነው። ፈርቼ ነው እትዬ። የፋሲካ ማግሥት የበቅሏቸውን እርካብ አሳጥሬባቸው ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ገበያ መካከል ሲሄዱ ሰው ስቆባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ይገዝቱኛል ብዬ ዛሬ ነገ ስል ጾማቸው ሠላሳ አራት ቀን ሞላ። ኅዳር አራት፣ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ መስቀላቸውን ጨብጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልገዘቱኝም። ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቀው ቀድመውኝ ሄዱ።

አባባ ተጋድመው ነበር። አባ ወልደ ሥላሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከሰላምታሽ ጀምሮ አንድም ሳያስቀሩ አነበቡላቸው። የዓሣውና የሥራ ሥሩ ቦታ ሲደርሱ አባባ እጃቸውን አነሡ፣ ግን አላቋረጧቸውም። ሳያለቅስ ስለተወለደው ሕፃን የጻፍሽው ቦታ ሲደርሱ ነው ያቋረጧቸው፤ አፉን ጠርጌ፣ ጀርባውን አሽቼ፣ ቆይቶ አለቀሰ ያልሽው።

«አለቀሰ ነው የሚለው?» አሉ።

«አለቀሰ ነው የሚለው» አሉ አባ።

«እስቲ እሱን ይድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው። አባባ ፈገግ አሉ። ከዚያ «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን የጾምኩት ለማን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። አባ ወልደ ሥላሴ «ጾም ባክኖ አይቀርም እጅጉ፤ ለወደዱት ይስጡት፤ የቀረውን ስድስት ቀን ግን ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው። አባባ እኔ ወደቆምኩበት ዞሩ፤ በትንፋሼ አውቀውኝ ይሆናል። «ለዚህ ይሁንለት» አሉ፤ «እሷማ ጾማለች።»

ቅረብ አሉኝና ቀረብኩ። ፊቴን ዳብሰው ጆሮዬን ያዙና በዚያ አቅም ባጣ እጃቸው ጠመዘዙኝ። «ለካ ያ የአሳማ ጆሮ ይሄ ኖሯል» አሉ። ሳቁ፤ ሳሉ ግን አላስጨረሳቸውም። በሁለተኛው ቀን ሄዱ። የቀረችውን ስድስት ቀን ከቀብራቸው ማግሥት ጀምሬ እኔ ጾምኳት። የመጨረሻው ቀን ኅዳር ሚካኤል ውሎ ሰው ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ፣ እኔ እስኪመሽ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ክንዱም ሳይነግረኝ መጥቶ ምንም ሳይቀምስ አብሮኝ ተቀመጠ።

ሌላ ልነግርሽ የሚገባኝ አለ። ተዝካራቸው ሦስት ቀን ሲቀረው ሌላ ደብዳቤሽ ደረሰ። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ጨምሪ እንዳለሽ፣ አባባ እሺ ካሉ እንደምትቆዪ፣ እምቢ ካሉ በሚመጣው መርከብ እንደምትመለሺ ጽፈሻል። ዘመድ ተሰበሰበ። አጎታችን ገብረሰንበት «አባትሽ ይበቃሻል ነይ ብለዋል ብለህ ጻፍ፤ ስትመጣ እኛው ይዘን እናረዳታለን» አለኝ። ሁሉም ልክ ነው አሉ፤ ለአንቺ አዝነው ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ብዕሩን ያዝኩ፤ «አባትሽ» እስከሚለው ጻፍኩ፤ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጥኩ። አልጽፍም አልኩ። አጎታችን «እውነት መናገር ዛሬ ነው የጀመርከው?» አለኝ። አዎ፣ አልኩት። ያን ጊዜ እምዬ ከጥግ ብድግ ብላ «ይጻፍላት፤ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው ብቻ» አለች፤ መርፌና ክሯንም አወጣች።

ስለዚህ መልሱ ይህ ነው። ስለ መቆየትሽም ሆነ ስለ መምጣትሽ አባባ ምንም አላሉም፤ ጥያቄሽ ሳይደርሳቸው ነው የሄዱት። ይህን ቢሰሙ እንዲህ ይሉ ነበር ብዬ መገመት እችላለሁ፤ ግን አልጽፈውም። የእምዬን ግን እንዳለችው ልጻፍልሽ፤ «ናፍቃኛለች በልልኝ፤ ነይ ግን አትበልልኝ።» ቀሪው የአንቺ ነው።

ይቅር በዪኝ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ከሆነው ነገር አጠገብ ሳስቀምጠው አነሰብኝ። ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ ስደቢኝ፤ ብቻ መጻፍሽን እንዳትተዪ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን የሚያነብልን እኔ ሳልሆን አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ እኔው ራሴ ለምኛቸው ነው። ስለዚህ ስድብሽን ካህን ሊያነበው የሚችል አድርጊው።

እምዬ ግንባርሽን ትስማለች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ጠጉሯንም ተላጭታለች፤ እህል ግን መቅመስ ጀምራለች። ንግሥቴ ሁለት ጥርሷ ወልቆ በፉጨት ነው የምታወራው፤ እትዬን ሳሙልኝ ብላለች። አጎታችን ገብረሰንበት ቢቆጣኝም ሰላምታ አልነፈገሽም። አባ ወልደ ሥላሴ ያ ሕፃን ስሙ ማን ተባለ ብለው ጠይቀውሻል፤ በጸሎት ሊያስቡት ነው። ክንዱ እጅ ይነሣል። ለእማማ ሊቲያ፣ ረቡዕና ዓርብ ዓሣውን ስለተዉልሽ፣ ዛሬም ስለያዙሽ፣ መሬት ስመን አመስግነናል በያቸው።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የምጽፈው «አባባ ደኅና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» የሚል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌልሻለሁ። በሌላው ሁሉ ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም። ያንን ግን አንድም ጊዜ ከራሴ አልጨመርኩትም፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ እሳቸው ናቸው ያሉት።

ወንድምሽ ቢሆነኝ እጅጉ
ቡሬ፣ ታኅሣሥ ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.