በጨረቃ አታሳብብ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል፤ አንተን ብጠብቅ ቤቱ በጎርፍ ይሄድ ስለነበር ራሴ ጠገንኩት። ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ እንደ አሮጊት ትስቃለች። እኔም ያው የዓሣ አጥማጆቹን መረብ እጠግናለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ደብዳቤህ፣ «ጀልባዋን ጠግኜ ጨርሻለሁ፤ ግን በሙሉ ጨረቃ ዕለት ውሃው ሸሽቶ ይኸው ስምንት ቀን አልተመለሰም፤ ከወደቡ መውጫ አጣን» ብለሃል። አንብቤ አጠፍኩት። ከዚያ እንደገና ዘረጋሁት። ተጠራጣሪ ነሽ ትለኛለህ፤ ነኝ።

ከቤታችን በታች ባለው ደረጃ ላይ በየጠዋቱ የባሕሩን ከፍታ የሚለካውን ዝምተኛ ሰውዬ ታውቀዋለህ። እሱን ጠየቅኩት።

«ውሃውን የምትስበው ጨረቃ ናት፣ እህቴ» አለኝ። «ሙሉ ስትሆን ደግሞ ፀሐይም ታግዛታለች። በእነዚያ ቀናት ውሃው ከወትሮው አብልጦ ይሸሻል፣ ከወትሮው አብልጦም ይሞላል።»

«ሸሽቶ ቢቀርስ?»

«የት አባቱ ይቀራል? ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል፣ ከዚያ መመለስ ይጀምራል።»

እሱንም አላመንኩትም። ወንድ ወንድን ይሸፍናል ብዬ፣ ደረጃው ግድግዳ ላይ በቀለም ምልክት እያደረግኩ አንድ ወር ሙሉ ጠበቅኩ። ጨረቃዋ በሞላች ሰሞን ውሃው መረብ እስከማሰጣበት ድረስ መጣ። ሰውዬው እውነቱን ነው።

መጀመሪያ ሌላ ሴት ጠረጠርኩ። ቀጥሎ መታመምህን ጠረጠርኩ፤ ይሄኛው ባሰብኝ። እጁን ሞተር በልቶበት ይሆን እያልኩ የእጅ ጽሑፍህን ስመረምር ዋልኩ። ፊደልህ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጅህ ደህና ነው። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥርጣሬዬ ተመለስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ግን እኔ እስኪጠራ ከምጠብቅ አንተው ንገረኝ። እንደማትመጣ ብትነግረኝ አለቅሳለሁ፣ አልቅሼም እነሳለሁ።

የሚያንገበግበኝ የልጅህ ነገር ነው። «ውሃው ሲሞላ እመጣለሁ በያት» ብለህ የጻፍከውን እኔ ሞኟ አነበብኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃው በሞላ ቁጥር ጫማዋን አድርጋ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ውሃው የሚሞላው በቀን ሁለት ጊዜ ነው።

ባለህበት ክፉ አይንካህ፤ እውነቱን የሚናገር አንደበትም ይስጥህ።

እስካሁን ሚስትህ