በዲጋ ማዕድ ሳይቀመጡ አንጮቴ ስለመብላት

ይድረስ ለክቡር አቶ ኤባ፣
የነቀምቴና የዲጋ የብስክሌት ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዚሁ ኮሚቴ የስፖርተኞች አመጋገብ ንዑስ ኮሚቴም ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሆድዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በውድድሩ ዕለት ንግግርዎን ከመካከል አቋርጠው ከመድረኩ በጥድፊያ ሲወርዱ ያየን ሁሉ ተጨንቀን ነበርና፣ አሁን ደህና መሆንዎን መስማት ለከተማው ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ድርቤ ዋቅወያ እባላለሁ። የስፖርት መምህርትና የአንዲት አነስተኛ የሴቶች ብስክሌት ክለብ አሰልጣኝ ስሆን፣ አንደኛ ከወጣች በኋላ ኮሚቴዎ ውጤቷን ሰርዞ ለአንድ ዓመት ያገዳት የኡርጂ አክስትም ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በቢሮዎ በር ላይ የማገኘው መልስ ዘወትር «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ስለሆነ ነው፤ ለብዙ ስብሰባዎ ያለኝን አድናቆትም በዚሁ አጋጣሚ ልግለጽ።

አንደኛ፣ ስለ ዱቄቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከመነሻው በፊት «ሳይንሳዊ» ከሆነው የኮሚቴው የኃይል ምግብ በቀር ሌላ እንዳይቀምሱ ያዘዘው ሰርኩላርዎ በደረሰን ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆርቆሮው ሲመጣ ግን ላዩ ላይ የተሳለው ሰውዬ ክንዱ ከማበጡ የተነሳ እንኳን ብስክሌት ሊነዳ ጀርባውን ሊያክ የሚችል አይመስልም ነበር። ይህ ዱቄት ብረት የሚያነሱ ሰዎች ክብደት ለመጨመር ከልምምድ በኋላ የሚጠጡት እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው የሚሰጥ አይደለም። ይህም ቆርቆሮው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ክቡርነትዎ ግን ጽሑፉን ትተው በሥዕሉ ረክተዋል።

ሁለተኛ፣ ምግብ በማዕረግ ቅደም ተከተል ስለመታደሉ ነው። ሙዙ፣ የታሸገው ውኃና እየነዱ እንዲመጠጥ በትንንሽ ከረጢት የመጣው የኃይል ጄል ከአበባው ጎን በክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ልጆቹ ብስክሌታቸውን ደግፈው ፀሐይ ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩ። አንድ የተከበሩ እንግዳ ጄሉን ማርማላታ መስሏቸው ዳቦ ላይ ቀብተው ሲበሉት ያየሁት በእነዚህ ዓይኖቼ ነው። በዚያ ላይ ስለ ስፖርተኛ አመጋገብ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ንግግር አደረጉ። ለልጆቹ የደረሳቸው ያ ዱቄት ብቻ ነበር፤ እሱንም «ለፎቶግራፍ እንዲመች» ከእንግዶቹ ጋር ብርጭቆ አንሥተው በአንድነት ጠጡት። ከዚያ በኋላ በክቡርነትዎ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። የእርስዎ ዕድል መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ናኦሚ የተባለችው የክለባችን ልጅ ግን ዳገቱ መካከል ከብስክሌቷ ወርዳ፣ መንገድ ዳር ተንበርክካ ስታስመልስ ባጃጆች እየዞሯት ነበር የሚያልፉት። እሷ ያን ቀን ስታለቅስ ያላየ ሰው ስለ ስፖርት ባያወራኝ እመርጣለሁ።

ሦስተኛ፣ ውድድሩ ዞሮ ወደ ነቀምቴ በሚመለስበት በዲጋ የተሰናዳው ማዕድ። ይህን ሳስበው አሁንም አግራሞቴ አይለቀኝም። በዓለም ላይ ብስክሌተኛ ምግቡን የሚቀበለው እየነዳ፣ ከተዘረጋለት እጅ ነጥቆ ነው። ክቡርነትዎ ግን የዲጋን ሰው ደግነት ተገን አድርገው ድንኳን አስተከሉ፣ ወንበር አስደረደሩ፣ ማስታጠቢያ አስቀረቡ፤ ተወዳዳሪው ወርዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጸሎት ተደርጎ ቁጭ ብሎ እንዲበላ መመሪያ ሰጡ። የዲጋ እናቶች በደሉ አልልም፤ እነሱ እንግዳ አክብሩ ተብለው አከበሩ። አንዷ ማስታጠቢያውን እንደያዙ «ኮቱ ታኢ፣ ኢንተላ ኮ!» እያሉ፣ ነይ ተቀመጪ ልጄ ሲሉ፣ ኡርጂን በሩጫ ተከትለዋት ነበር። ኡርጂም ከብስክሌቷ ሳትወርድ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሥታ አለፈች። ሌሎቹ ታዘው ተቀመጡ፤ ሲነሡ እግራቸው ደርቆ ነበር።

እንግዲህ ወንጀሉ የተፈጸመው ከድንኳኑ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ቆሜ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። በአንድ እጄ ስኳር፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ የገባበት ውኃ፣ በሌላው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንጮቴ፣ ያን የወለጋችንን ሥራሥር፣ ዘረጋሁላት። ክቡርነትዎ በዕለቱ ያገኙትን ነገር ለልጅ የሚያጎርሱ ሰው ስለሆኑ ይህ እንግዳ ሊሆንብዎ ይችላል፤ እኛ ግን ይህን የመረጥነው ክረምቱን ሙሉ ሞክረን ነው። ጭኮ ሞከርን፤ ቅቤው ዳገት ላይ ከበዳት። በሶ ሞከርን፤ ጥሩ ነበር፣ ግን እየነዱ መጠጣቱ አስቸገረ። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተድጦ፣ ትንሽ ጣፍጦ በጉርሻ መጠን የተጠቀለለው አንጮቴ ግን ሆዷን ሳይረብሽ እስከ መጨረሻው አደረሳት። «አዳዳ፣ ይኼ አይከዳኝም» ያለችኝ፣ አክስቴ ስትል፣ እሷ ናት። እውነቷን ነበር፤ የሚከዳት ሌላ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ውሳኔዎ። ኡርጂ ሌሎቹን ከዓይን አርቃ ነቀምቴ ከገባች በኋላ፣ «የተዘጋጀላትን ማዕድ በመናቅና ምንነቱ ያልታወቀ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር በመውሰድ» ተብሎ ውጤቷ ተሰረዘ። በወለጋ ምድር ላይ ቁጭ ብሎ አንጮቴን «ምንነቱ ያልታወቀ» ብሎ የሚጽፍ እጅ እንዳለ ሳውቅ በጣም አፈርኩ፤ ያፈርኩትም በእርስዎ ነው። ክቡርነትዎ ዲጋ ላይ በገዛ እጅዎ ከእኔ የወረሱት የአንጮቴ ከረጢት በማስረጃነት እንዲቀርብ ስንጠይቅ ደግሞ፣ «በጥልቅ ምርመራ ምክንያት አልቋል» የሚል መልስ ተሰጠን። ለምርመራው ጥልቀት ያለኝን አክብሮት እዚህ ላይ አልሸሽግም።

ኡርጂ በሚመጣው ወር አዲስ አበባ ላይ ለሚደረገው የብስክሌተኞች ምርጫ ከዞናችን የምትሄደው አንዲት ልጅ መሆን ይገባት ነበር። አሁን ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፋ በጨርቅ ሸፍናዋለች። ጠዋት ጠዋት ለልምምድ ስትወጣ ትከፍተው የነበረው በር ተዘግቶ ሳየው እናደዳለሁ፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ ስላጣሁ እንዲሁ አስቀምጬዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እገዳው ይነሣላት፣ ቦታዋም ይመለስላት።

ቆርቆሮ በሥዕሉ የሚያነቡበት ዓይንዎ፣ ከሁለቱም የሰብሳቢነት ወንበር የማይነሣው ትዕግሥትዎ፣ እንዲሁም ስለማያውቁት ነገር የመወሰን ድፍረትዎ ሳይጓደልብዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

የኡርጂ አዳዳ፣
ድርቤ ዋቅወያ
ከነቀምቴ

ማስታወሻ፦ ውሳኔው ተነብቦ ከአዳራሹ ስንወጣ፣ ክቡርነትዎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አዴ ድርቤ፣ ያን ዕለት መኪና ውስጥ አንጮቴዎን ባልቀምስ ኖሮ ከዲጋ ነቀምቴ አልደርስም ነበር። ግን ምን ጨምረውበት ነው እንዲያ የጣፈጠው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ሰው ስለበዛ ሳልመልስልዎ ቀርቻለሁ። መልሱ ማር ነው። እግረ መንገድዎን የእርስዎ የአንድ ዓመት እገዳ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ቢያሳውቁን፣ ከረጢቴንም ቢመልሱልኝ።