ቡኢ ላይ የምታነቢው

ቡታጅራ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀሴትዬ፣ የኔ እህት፣

እንኳን ደህና መጣሽ። ይሄን ወረቀት ነገ ቦሌ ስንቀበልሽ ጃኬትሽ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ቡኢ ለምሳ ስንወርድ፣ እጄን ልታጠብ ብለሽ ከአጎታችን ከጋሼ ፊልጶስ ራቅ በይና አንብቢው እልሻለሁ። ስለዚህ አሁን ቡኢ ነሽ። ቁጭ በይ። ድንጋይ ላይም ቢሆን ቁጭ በይ።

እማዬ የለችም።

ከኳየሩ ጋር ኪጋሊ በገባሽ በአራተኛው ቀን፣ ገበያ በርበሬዋን እየሰፈረች ወደቀች። አጠገቧ የምትሸጠው ሳፊያ ባጃጅ ውስጥ አቅፋ ሆስፒታል ወሰደቻት። እኔን ከጎሚስታው ቤት ጠርተውኝ ስደርስ አልቋል። ደም ግፊት ነው አሉ። አልተሰቃየችም፤ ሳፊያ ምላልኛለች፣ እኔም አምኛታለሁ።

ጋሼና የእድሩ ሽማግሌዎች "መርዶዋ ስትመጣ ይሁን" አሉ። ዛሬ ማታ እማዬ ጉንችሬ አክስታችን ጋ ሄዳለች ይሉሻል። እራት በልተሽ ትተኛለሽ። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አልጋሽን ከቦ ይነግርሻል። ክፋት እንዳይመስልሽ፤ ሰው አገር ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለው ነው። አስተማሪያችሁ ቲቸር አስረስም ያውቃል። የኳየሩ ልጆችም ያውቃሉ። ናዝራዊት ሰሞኑን ሻንጣሽን ካልያዝኩ ብላ ያስቸገረችሽ ፍቅር ጠንቶባት አይደለም።

እኔ በዚህ ነገር ከጋሼ ጋር ተጣላሁ። ድንኳን ውስጥ ወንበር ገለበጥኩ፣ መቼም ታውቂኛለሽ። "ከአስረኛ ክፍል የተባረርክ ልጅ ነህ ወግ የምታስተምረን?" አለኝ።

"አልተባረርኩም፣ ጥዬ ነው የወጣሁት" አልኩት። "ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ መግደል የምትማሩበትን ትምህርትማ ሰይጣንም ያቋርጠዋል።"

ሳፊያ ናት በክንዴ ጎትታ ያወጣችኝ።

ግን እኔም ጀግና አይደለሁም። በተቀበረች በማግስቱ ስትደውዪ ለምን አልነገርኩሽም? ዛሬ ያቀረብነውን ላሰማት፣ ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ አድርግላት አልሽኝ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። የት ላድርገው? ስፒከር ከፍቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጸጥ አሉ። አንቺ እስከ መጨረሻው ዘመርሽ። ከዛ "ምን አለች?" አልሽ።

"ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ምግብ አትበላም እንዴ አለች" አልኩሽ።

ሳቅሽ።

እሱ ሳቅሽ ነው ሥራ ላይ ሁሉ የሚመጣብኝ። ጎማ እየፈታሁ እሰማዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ያልኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም። አንቺ ጋ እማዬ ገና አልሞተችም ነበር። ቢያንስ እዛ ትቆይ ብዬ ነው። አሁን ይቅርታ የምልሽ ለዋሸሁሽ ይሁን ለነገርኩሽ፣ እኔንም ግራ ገብቶኛል።

ነገ ጠዋት ሲነግሩሽ እንዳልሰማሽ መሆን ከቻልሽ ሁኚላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ብዙ ተጨንቀውበታል። ካልቻልሽ አሁኑኑ ጩኺ። ጋሼ እኔን ይቆጣ፣ ለምጄዋለሁ። ራቅ ብዬ ቆሜ እያየሁሽ ነው፤ ቀና ካልሽ እመጣለሁ።

ከዚህ ቤት የሚወጣን ሰው ሁሉ የምትመርቀው እሷ ነበረች። አሁን ማን አለ? ሳልችልበትም ቢሆን እኔ ልበለው። ከቡኢ እስከ ቤት ያለውን መንገድ ጨርቅ ያድርግልሽ፣ ሀሴትዬ።

ወንድምሽ
አቡሽ