የኋላ ማርሽ የሌላት መኪና

ለውድ እኅቴ፣

ሳንጠራው በሚሰማን፣ ሳይገባን በሚጠብቀን አምላክ ስም ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የብሪስቶል እርጥበትስ ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? እኔ፣ ምስጋና ለቸሩ ጌታ ይሁንና፣ በአካሌ ደኅና ነኝ። ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤ አስተማርሁ፤ አጥንቴ ግን ገና አሁን ሰማው።

በቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን የምትጫወተውን፣ ባሏ የሞተባትን ኢዲት ሆሊንስን ታውቂያታለሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በሞተር ብስክሌቴ ጎን በተገጠመችው ጋሪ አስቀምጬ ከኮረብታው አወርዳት ነበር። ዝናብ ሲጥል የሸራ ክዳኑን የምቆልፍላት እኔ ነበርሁ። ዛሬ የሚያመጣት ደወል ደዋዩ ዋልተር ፔግ ነው።

ዋልተር መኪና ገዛ፤ መኪና ከተባለች። እንቁላል ትመስላለች፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ አላት። ያለቻት አንዲት በር እንደ ቁም ሣጥን ከአፍንጫዋ ትከፈታለች። የኋላ ማርሿ ስለ ተደፈነ ሕጉ ከሞተር ብስክሌት ይቆጥራታል፤ እርሱም በሞተር ብስክሌት ፈቃዱ ይነዳታል። ጎማ እንቁጠር ከተባለ የእኔም ከነጋሪዋ ሦስት ነው። መግዛቱስ አያቅተኝም ነበር፤ ከፔግ አይቶ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ እንጂ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋልተር፣ “አቶ ትሪንደር፣ ይግቡባት እንጂ፣ አትናከስም” አለኝ። አስተዋይ ሰው በሦስት እግር አይታመንም ብዬ መለስሁለት። “ታዲያ ላም የሚያልቡበት በርጩማ ስንት እግር አለው? ሲንገዳገድ አይተው ያውቃሉ?” ቢል ኢዲት ሳቀች። የሳቀችው በእኔ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢዲት ለመዝሙር ልምምድ ሳትመጣ ቀረች። በዶፉ ውስጥ ልፈልጋት ወጣሁ። ከኮረብታው ሥር ባለው የድርቆሽ ጎተራ አገኘኋቸው። ዋልተር ከዝናቡ ሊጠለል ገብቶ፣ የመኪናዋን አፍንጫ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ አቁሟታል። በሩ ወደ ፊት አይከፈት፤ መኪናዋ ወደ ኋላ አትሄድ። በጣሪያው ሸራ እንዳይወጡ የዋልተር ሆድ አያልፍም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።

ቀርቤ በመስኮቱ አየሁ። በዚያች በአንዲት አግዳሚ ወንበር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ የአጃ ቂጣ በአይብ ከአንድ ወረቀት ይበላሉ፤ ያወራሉ። እኅቴ ሆይ፣ በእኔ ጋሪ ያን ሁሉ ዓመት ስትሄድ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ኢዲት መስኮቱን ገርበብ አድርጋ፣ “እግዜር ነው የላከዎት። ግን ቀስ ብለው ይጎትቱ፤ ሻያችን እንዳይፈስ” አለችኝ። ዋልተርም ከጎኗ፣ “ኧረ አይቸኩሉ፣ ደልቶናል” አለ።

በእጄ ጎተትኋት፤ ቀላል ናት። ዋልተር ወጥቶ እጄን ጨበጠና ቄሱ ስለ ታመሙ የጋብቻቸውን ማስታወቂያ በማግሥቱ በምእመናኑ ፊት እኔ እንዳነብላቸው ለመነኝ።

አነበብሁ። “ይህን ጋብቻ የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ቢኖር ይናገር” ከሚለው ስደርስ ከልማዱ አስረዝሜ ቆየሁ። ምእመናኑ መስመሩ የጠፋብኝ መሰላቸው። ማንም አልተናገረም።

ባለፈው ጊዜ ላኪልኝ ያልሁሽን የእናታችንን ቀለበት አትላኪው። የፖስታ መንገድ አያስተማምንም።

ደጅሽን ከክፉ፣ ልጆችሽን ከደዌ፣ ማዕድሽን ከጉድለት ይጠብቅልሽ፤ ሰላሙ ከቤትሽ አይራቅ።

ወንድምሽ