ቀድሞን የደረሰው ድንጋይ

…ድንጋዩን ከወንዙ አውጥተህ፣ ውሃው በክርንህ እየተንጠባጠበ፣ «ይሄስ?» ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ እርጥብ ካልሲህን እያየሁ ስነጫነጭብህ… ምን ብዬ እንደመለስኩልህ ጠፋኝ።

ሀብቴ፣ የኔ ጌታ፣ በሞት ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ፋልከንሪጅ ያለውን ቤታችንን ለቅቄ ኮርነርስቶን የሚባለው ሰፈር፣ ልጃችን ሰላም ዘንድ ገብቻለሁ። ቤቷ አዲስ ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር ቀኑን ሙሉ የሎሚ ሽታ ይረጫል፤ ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጣል። ነጠላ ጫማህን ጣለችው። ይሸታል አለች። እውነቷን ነው፣ ይሸት ነበር። እኔን የሚያስመልሰኝ ግን ሎሚው ነው።

ባለፈው ሰመር ያቺን የፈረንሳይ ከተማ አየኋት፤ ስሟ አፍህ አልገባ ብሎ «ባለ ድልድይዋ» የምትላትን። ሰላም ሕፃን ሆና ሆስፒታል ተኝታ፣ ከዳነችልህ ድንጋይ ተሸክመህ በእግርህ ቁልቢ ልትወጣ ተሳልክ። ዳነች። ቁልቢ ሳይሆንልህ ቀረ፤ ሥራው፣ ወረቀቱ፣ ኋላም ጀርባህ። ከዚያ ባለ ድልድይዋን በቴሌቪዥን አየህ፣ ከጥንት ጀምሮ ተሳላሚ በእግሩ የሚያልፍባትን። «እግዜር እዚያም አለ» አልክ። ድንጋዩንም ያን ቀን ከወንዙ መረጥክ። ለሰላም እንዳልነግራት አስማልከኝ፤ ሸክም እንዳይሆንባት።

አንተ ሳትሄድ ቀረህ። እኔ ልሸከምልህ ሄድኩ።

ከከተማዋ በፊት ባለው መንደር ከሰላም ጋር አደርን። ተሳላሚዎቹ እራት ላይ ጫማቸውን አውልቀው ውሃ የቋጠረ ጣታቸውን በመርፌ ያፈርጣሉ፣ በዚያው እጅ ዳቦ ይቆርሳሉ። በላሁ። ከዚያ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የተጸየፍኩት እነሱን ይሁን ራሴን፣ አላውቅም።

ጠዋት ድንጋዩን ከትቼ የማዝለው ሻንጣዬ የለም።

«ሰርፕራይዝ!» አለች ሰላም። «በቫን ላክሁት፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። ጉልበትሽን አስቤ እኮ ነው ማሚ። ደግሞስ ማነው ለቬኬሽን ድንጋይ ፓክ የሚያደርገው?» ሳቀች። ስትስቅ አንተን ነው የምትመስለው።

ባዶ ትከሻዬን ይዤ ተራመድኩ። ከተማዋ ውስጥ የተሳላሚዎቹ ምልክት፣ ዛጎሉ፣ ሳሙናው ላይ፣ ቸኮላቱ ላይ፣ አንድ ውሻ አንገት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። ድልድዩ ያምራል። ሽንት ሽንት ይላል። ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣዬ ከሌሎች ሻንጣዎች ጋር ተደርድሮ ጠበቀኝ። ቀድሞን ደርሷል። ስለት ማድረስ ይባላል፤ በመኪና የደረሰስ? ማንን ልጠይቅ? ድንጋዩን እዚያ ልተወው አልቻልኩም። መልሼ አመጣሁት።

ዛሬ ከገበያ ተመልሰን ዕቃ ስናስገባ፣ ሰላም የጋራዡ በር እንዳይዘጋባት አንድ ነገር አስደገፈችው። ዝቅ ብዬ አየሁ። ድንጋይህ። ላዩ ላይ የጫማ ጭቃ፣ የመንገድ ጨው፣ የቀለጠ በረዶ። በቡትስዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው።

አፌን ከፈትኩ። መሐላህ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

አልረሳህም፣ ሀብቴ። ስለትህንም አልረሳውም፤ እግዜር እዚህም አለ፣ በእግሬ አደርስልሃለሁ።

ኮቴን ደረብኩ። «ማሚ፣ የት ልትሄጂ ነው? ቆይ ራይድ ልስጥሽ!» አለች ከውስጥ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን በቀሚሴ ጠረግኩት፣ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት፤ በሩም ከኋላዬ ድው ብሎ ተዘጋ።